የሰንሻይን ሳንባ በፓቻቱሳን ተራራ

ማክሰኞ ንጋት፣ ሰንሻይን፣ ሜልቦርን

ታክሲው ደጅ ቆሟል። እኔ ከመጋዘን ሺፍት መውጣቴ ነው፤ ባለቤቴ ማርታ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ ታዛጋለች። እሷ ቀን አረጋውያን ትንከባከባለች፣ እኔ ሌሊት ካርቶን እደረድራለሁ፤ የምንገናኘው በር ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት፣ «ከዚህ ጉዞ በኋላም ኑሯችን እንዲህ ከሆነ ለየብቻ ብንኖር ይሻላል» ብላኛለች። ሳትቆጣ ነው ያለችው፤ ያስፈራኝም እሱ ነው።

ሐሙስ፣ ኩስኮ፣ ፔሩ

ከዚያ ሁሉ አውሮፕላን በኋላ ወገቤ የኔ አይደለም። ቀይ ጣሪያ፣ ጥቁር ድንጋይ፣ ዳገት፣ የበቆሎ ጥብስ ሽታ። ከከተማዋ በላይ ፓቻቱሳን ተገትሯል። በአገሬው በኬቹዋ ቋንቋ «የዓለም ምሰሶ» ማለት ነው አሉን አስጎብኚያችን ዶን ኢሲድሮ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። ፀሐይ ያጠቆራቸው ሽማግሌ ናቸው። «መጀመሪያ ዕረፉ፤ ከፍታው ይጥላል» ቢሉን ሳቅሁ።

«የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ! ደጋ ምን ያደርገኛል?»

«ሳንባህ እኮ የሰንሻይን ነው» አለች ማርታ።

ዓርብ ጠዋት፣ ተራራው ሥር

ዶን ኢሲድሮ ሦስት ሦስት የኮካ ቅጠል አስያዙን። ተራራው ቅዱስ ነው፣ ሳያስፈቅዱት አይወጣም፤ ቅጠሉ ላይ እፍ ብላችሁ የልባችሁን ንገሩት አሉ። ተያየን። ጴንጤ ለተራራ ይጸልያል እንዴ!

«ይቅርታ፣ እኛ የምንጸልየው ለእግዚአብሔር ብቻ ነው» አልኳቸው።

ቅር አላላቸውም። «እንግዲያው ለእሱ ንገሩት። ዝም ብሎ ግን አይወጣም።»

እጅ ለእጅ ተያያዝን። አብረን ከጸለይን ስንት ጊዜ ሆነን? ማርታ ዓይኗን ጨፍና፣ «ጌታ ሆይ፣ ይሄን ሰውዬ መልስልኝ፤ ደክሞኛል» አለች። «አሜን» ብዬ እጇን ጠበቅ አደረግኩት።

ረፋድ፣ ዳገቱ ላይ

ጫፉ ይታያል፤ ጭንቅላቴ ግን ሊፈነዳ ነው። ቁርሴን አስመለስኩት። ጉድ ነው፣ የደብረ ብርሃን ልጅ ድንጋይ አቅፎ!

«እሱን አሁኑኑ ላውርደው» አሏት ዶን ኢሲድሮ። «አንቺ ከኋላችን ከሚመጡት ተጓዦች ጋር ቀጥይ።»

«ሂጂ፣ ይህን ያህል ለፍተሽ» አልኳት።

«ብቻዬን መሆንማ ሜልቦርንም አለልኝ» ብላ ክንዴን ያዘች።

ዝቅ ባልን ቁጥር ራሴ ቀለለኝ። ሜዳው ላይ ትከሻዋን ተደግፌ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ትስቃለች። «ማንኮራፋትህን ረስቼው ነበር!»

ረቡዕ፣ ሰንሻይን

በሩን ሳንከፍት ስልኬ ጮኸ፤ አለቃዬ ነው። «ዛሬ ማታ ትገባለህ?» ይላል መልእክቱ። «ከእንግዲህ ሌሊት አልሠራም፤ ቀን ካለ ንገረኝ» ብዬ ጻፍኩና ለማርታ አሳየኋት። ደጋግማ አነበበችው።

«ይህን ለመጻፍ ፔሩ ድረስ ሄደህ ማስመለስ ነበረብህ?» አለችና ሻንጣዬን ተቀበለችኝ።