አገር ስጠኝ

ልጅ ሳለሁ አገር እሰጥ ነበር። ጎንደርን፣ ሐረርን፣ ጅማን፣ ሲያሰኘኝ ደግሞ ባሕር ማዶ ያሉትንም ጨምሬ፣ ያለ ፊርማና ያለ ማኅተም፣ ጭድ ተራ በነበረው ግቢያችን በርጩማ ላይ ተቀምጬ አድል ነበር። ተቀባዩ ጋሼ በላቸው ነበሩ።

ጋሼ በላቸው ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታችን ናቸው። በወጣትነታቸው ከጎጃም መጥተው ጭድ ሲሸጡ ኖሩ፤ ሰው ሁሉ ቤቱን በብሎኬት መሥራት ሲጀምርና ጭቃ የሚያቦካ ሲጠፋ ወደ ጆንያ ንግድ ዞሩ። «ስሙን ለሰፈሩ ትቼለት ዕቃውን ቀየርኩ» ይሉ ነበር። አባዬ ደግሞ ሚስማርና ማጠፊያ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ሱቃቸውን ዘግተው ሁለቱም አብረው ነበር ወደ ቤት የሚመጡት።

ያኔ መብራት በፈረቃ ነበር። ተራው የእኛ ባልሆነ ምሽት የጋሼ በላቸው ባለቤት እትዬ ሙሉ ከሰሉን አቀጣጥለው በረንዳው ላይ ያወጡታል፣ አባዬ ኩራዙን ይለኩሳል፣ እሸት በቆሎው ፍሙ ላይ መንጣጣት ሲጀምር እኛ ልጆች ዓይናችንን ከጭሱ እያሸሸን ዙሪያውን እንኮለኮላለን። ጋሼ በላቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንቆቅልሽ?» ሲሉኝ «ምን አውቅልህ!» እላለሁ። እንደ እሳቸው ያለ ትልቅ ሰው «አንተ» ሲባል እናቴ የማትቆጣው ያኔ ብቻ ነበር።

መልሱ ከጠፋን «አገር ስጪኝ» ይላሉ። ሕጉ እንዲህ ነው፤ አገር ሳይሰጥ መልስ አይነገርም። አገሩን ከተቀበሉ በኋላ ግን ጌትነታቸውን ማየት ነበር። «ሐረር ገብቼ፣ ምን አጥቼ! ሰንጋውን ጥዬ፣ ጮማውን ቆርጬ፣ ያላወቀችውን የግርማን ልጅ አህያ አስጠብቄ…» እያሉ በእኔ ላይ ይቀልዱና መልሱን የሚናገሩት ከዚያ በኋላ ነው። ጎጃምን ብንሰጣቸው ግን በጄ አይሉም። «የራሴን አገር መልሰሽ ለእኔ ስጦታ? አንቺስ ሹመኛ ይወጣሻል!» ይሉኝ ነበር።

እንቆቅልሾቻቸው ሁሉ ዞረው ዞረው ሹመኛ ደጅ ይደርሱ ነበር። «ሲመጣ እልል ይባልለታል፣ ሲሰነብት ያማርሩታል፣ ካልሄደ መስቀል አይመጣም። ምንድን ነው?» እኛ በአንድ ድምፅ «ሚኒስትር!» እንላለን። ጋሼ በላቸው የደነገጡ መስለው ግራ ቀኙን ያያሉ። «ኧረ በስመ አብ! እኔ የጠየቅኳችሁ ስለ ክረምት ነው!» ሌላ ቀን ደግሞ «ሆዱ ባዶ ሲሆን ይጮኻል፣ ሲሞላ ጭጭ ይላል» ብለው «ተመራጭ!» ስንላቸው፣ «እናንተ ልጆች ልታሳስሩኝ ነው፤ በርሜል ነው እንጂ!» አሉን። ከሁሉም በላይ የሚስቀው አባዬ ነበር። ሲስቅ ወደ ጋሼ በላቸው ትከሻ ዘመም ይል እንደነበር እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ከዚያ አባዬ ራሱ ተመረጠ፤ ለቀበሌ ምክር ቤት። ቤት ለቤት ዞረው የቀሰቀሱለት ደግሞ ጋሼ በላቸው ናቸው። የግቢያችን የጋራ መጸዳጃ ቤት በር አልነበረውምና «ግርማን ምረጡ፤ ማጠፊያ ሻጭ ነው፣ ሌላው ቢቀር በር ያስገጥማል» ነበር ቅስቀሳቸው። አባዬ ሳይመረጥ በፊት ቢሆን በሩን ከራሱ ሱቅ ባወጣው ማጠፊያ በግማሽ ቀን በሠራው ነበር። ከተመረጠ በኋላ ግን በሩ በሂደት ላይ ሆነ፤ ከሚመለከተው አካል ጋር ንግግር ተጀመረ። እኛም ሰው መኖሩን ለማሳወቅ ውስጥ ሆነን ማሳላችንን ቀጠልን።

አንድ ምሽት ከቀበሌ ሁለት ሰዎች አባዬን ፈልገው መጡ። መብራት አልነበረም። እትዬ ሙሉ በርጩማ አቅርበው በቆሎ ሰጧቸው። ጋሼ በላቸው እንግዳ ሲያዩ ደስ ይላቸዋልና ወደ አባዬ ዞሩ።

«እንቆቅልህ፣ ግርማ?»

አባዬ እንግዶቹን በጎን አየት አድርጎ «ምን አውቅልህ» አለ፤ ድምፁ ሳይወጣ።

«ትናንት ሸክማችንን ተሸከመልን፤ ዛሬ እኛው ተሸከምነው። ምንድን ነው?»

ትንሹ ወንድሜ፣ ገና ሚጢጢ ልጅ፣ እንደ ልማዳችን መልሱ ሹመኛ መሆን እንዳለበት ያውቃል፤ ግቢያችን ውስጥ ያለውንም ሹመኛ ያውቃል። በኩራት ብድግ ብሎ «አባዬ!» ሲል ጮኸ። ከእንግዶቹ አንዱ የጎረሰው በቆሎ ትን እስኪለው ሳቀ።

«ኧረ በስመ አብ!» አሉ ጋሼ በላቸው፤ በዚህ ጊዜ መደንገጣቸው የእውነት ነበር። «ኧረ ሌላ ነው ግርማ! አገር ስጠኝና ልንገርህ።»

አባዬ ተነሳ። ኮቱን አራገፈ። «የምሰጠው አገር የለኝም» አለና ገባ።

ሌሊቱን አባዬ ሲገላበጥ ሰምቼዋለሁ። በማግስቱ እኛ ልጆች መልሱን እንዲነግሩን ጋሼ በላቸውን ከበብናቸው። እምቢ አሉ። «የጠየቅኩት አባታችሁን ነው። አገር ሳልቀበል ከተናገርኩ ጨዋታው ይበላሻል። ተዉት፣ ነገ ራሱ ይሰጠኛል» አሉን። ያን ቀን ሕጉን ቢያፈርሱ ኖሮ እላለሁ አሁን፤ ወይም አባዬ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ከአገሩ ሁሉ ትንሿን መንደር እንኳ ቢጥልላቸው። ሁለቱም ግን ጠበቁ።

መብራት ሲጠፋ ከዚያ ወዲያ እኛ ቤት ውስጥ ሻማ ነበር የሚበራው። ከግድግዳው ማዶ ጋሼ በላቸው እትዬ ሙሉን «እንቆቅልሽ?» ሲሏቸው እንሰማለን። ወንድሜ በሹክሹክታ «ምን አውቅልህ» ይል ነበር። አባዬ እየሰማ እንዳልሰማ ጋዜጣውን ያነብባል። ጠዋት ጠዋት ሰላምታቸውን አላቋረጡም፤ «እንደምን አደርክ፣ ደህና ነኝ» ይባባላሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄው ነው። ቢጣሉ እኮ ሽማግሌ ይገባ ነበር። ባልተጣሉት መሐል ማን ይግባ?

አባዬ ለሁለተኛ ጊዜ አልተመረጠም። በሩም እንደጎደለ፣ ግቢያችን ለልማት ተፈለገና እንድንነሳ ተነገረን። ዕቃችንን በጫንንበት ቀን የጋሼ በላቸውን ዕቃ የጫነው አይሱዙ ቀድሞ ተንቀሳቀሰ። እሳቸው ከኋላ ጆንያ ክምር ላይ ተቀምጠዋል። በእኛ በር ሲያልፉ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተጣሩ፤

«ግርማ! አገሬን ሳትሰጠኝ ልትሄድ ነው?»

አባዬ ቀና አላለም፤ ገመድ እያሰረ ነበር። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ ገመዱ ታስሮ አልቋል። መኪናው ወደ መሳለሚያ ታጥፎ እስኪሰወር ያንኑ ቋጠሮ ሲፈታና ሲያስር ቆየ።

እኛ ከተማው አንድ ዳር፣ እነሱ ሌላው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባን። «አንዱን እሑድ ሄጄ እጠይቀዋለሁ» ይል ነበር አባዬ። እሑዱ መቼም አይጠፋም፤ ሰበቡም እንደዚያው።

ባለፈው ክረምት እትዬ ሙሉ ደወሉ። ድምፃቸውን ስሰማ ነገሩ ገባኝ።

ለቅሶው ቤት እንደደረስን አባዬ ከእትዬ ሙሉ እግር ሥር ቁጭ አለ። ካለቀሰ በኋላ፣ እንደ ልጅ አፍሮ፣ «ሙሉ፣ መልሱን ነግሮሽ ነበር?» አላቸው። የምን መልስ ብለው አልጠየቁትም። ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው አዩት።

«ስንት ጊዜ ለመንኩት። ‹አገሬን ሲሰጠኝ ለራሱ ነው የምነግረው› ይለኝ ነበር።»

ሳጥኑ ከመኪናው ወርዶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ አባዬ በወጣቶቹ መሐል ገብቶ ትከሻውን ሰጠ። ጉልበቱ እንደማይችል ስለማውቅ «አባዬ፣ ተው ለእነሱ ልቀቅላቸው» አልኩት። እምቢ አለ። አጠገቡ እየሄድኩ ነበርና ጉንጩን ሳጥኑ ላይ አስደግፎ ያለውን ሰማሁት።

«በላቸው፣ ጭድ ተራን ሰጠሁህ። በል እንግዲህ ንገረኝ።»

እንደ ሕጉ ተቀባዩ «ገብቼ፣ ምን አጥቼ» ማለት ነበረበት። አባዬ እርምጃውን ቀነስ አድርጎ ጠበቀ። ወዲያው የኋለኞቹ ሲገፉት መራመድ ቀጠለ።

ግቢያችን የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ ሕንፃ ቆሟል። አንድ ቀን ገብቼ መጸዳጃ ቤቱን አየሁት፤ በር አለው። ስቄ ወጣሁና ደረጃው ላይ እንባዬ መጣ። እኛ ልጆች በአንድ ምሽት ኢትዮጵያን በሙሉ ሰጥተን እንጨርስና በነጋታው ለሌላ ዙር ሙሉዋን እናገኛት ነበር። አንድም ቀን አልጎደለችብንም። ይህን ያኔ ለአባዬ የሚነግረው ሰው ቢኖር ምን ነበር እላለሁ።

አሁንም መብራት ይጠፋል። ትንሿ ልጄ ጨለማውን ስትፈራ አያቷ ጭን ላይ ትወጣና «አባባ፣ እንቆቅልህ?» ትለዋለች። «ምን አውቅልሽ» ይላታል። ከዚያ ጥያቄዋን እንኳ ሳትጨርስ፣ መልሱን ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ አገር ይሰጣታል።