ሁምቦ ዳገት ላይ የቆመው ተሳቢ

ልጅ እያለሁ «ነገ» የሚለውን ቃል እንደ መራራ መድኃኒት እጠላው ነበር። ዛሬ ሶዶ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ፣ የተፈታ ጎማ ላይ ተቀምጬ መካኒኩ ያንኑ ቃል ሲነግረኝ፣ የግራሶው ሽታ ወደ ሁምቦ ዳገት መለሰኝ።

አባቴ የተሳቢ ሹፌር ነበር። ያን ዓመት ክረምቱን አርባ ምንጭ አክስቴ ጋ ነበርኩና ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ወደ ቢጠና፣ ወደ አያቴ ቤት ሊወስደኝ መጣ። እናቴና ታናናሾቼ ቀድመው ገብተዋል። ጥጥ ጭነን ነበር። መኪናውን ሶዶ ዘበኛ ያለው ግቢ አቁመን በሚኒባስ ልንቀጥል ነበር። በአያቴ ቤት ደግሞ የጊፋታ ዋዜማ ወግ የማይታለፍ ነበር፤ ከእንሰት የሚሠራው ባጪራ በቅቤ ተለውሶ ሲቀርብ፣ አያቴ መጀመሪያ የበኩር ልጁን ያጎርሳል፤ እስከዚያ ራሱም አይቀምስም። በኩሩ አባቴ ነው። አያቴም በዚያ ወቅት ከአልጋ እስከ በር እንኳ ተደግፎ የሚሄድ ደካማ ሽማግሌ ሆኖ ነበር።

አባቴ ሆዱ ቶሎ የሚባባ ሰው ነው። ረዳቱ አገሩ ሃላሌ ስለሆነ መንገዱ ሩቅ ነው ብሎ አዘነለትና «ሂድ፣ በዓልህን ከቤተሰብህ ጋር ዋል፤ እኔ እወጣዋለሁ» ብሎ ገና አርባ ምንጭ ሳለን አሰናበተው። ሁምቦ ዳገቱን ስንይዝ የተሳቢው ጎማ መጮኽ ጀመረ፤ ወዲያው የተቃጠለ ግራሶ ሸተተን። ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተሰባብሯል። ረዳት ቢኖር ተሳቢውን ፈትተን፣ እሱን ጠባቂ አድርገን እንሄድ ነበር። የሰው ጥጥ መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ ግን አባቴ የሚያደርገው ነገር አልነበረም።

በአላፊ መኪና መልእክት ልከን መካኒክ ከሶዶ መጣ። የደቀቀውን ኩሽኔታ በእጁ አገላብጦ አየና «ጋሼ፣ ለነገ ነው» አለ። መለዋወጫ የሚሸጠው ነጋዴ ጉራጌ ነው፤ ሱቁን ቆልፎ ለመስቀል አገሩ ገብቷል። መካኒኩም የራሱ ጊፋታ ስላለበት ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበር። በግና ቅርጫት ጣሪያቸው ላይ የጫኑ ሚኒባሶች እየጮኹ ያልፉናል፤ ውስጥ ያሉት ልጆች እጃቸውን ያወዛውዙልናል። አገሩ ሁሉ ቤቱ ሲገባ ሜዳ ላይ የቀረነው እኛ ብቻ መሰለኝ። ተናደድኩ፣ ደከመኝም፤ ጥጡ ላይ ወጥቼ አኮረፍኩ።

ጀንበሯ ስታዘቀዝቅ ከመንገድ ዳር ካለ ቤት አንዲት ሴት ባጪራ በኮባ ቅጠል ይዛልን መጣች።

«ወንድሜ፣ በዓል ነው፤ ዝም ብሎ አይታደርም። ይሄ ልጅም ይብላ» አለች፣ እኔን ሴቷን ወንድ አድርጋ።

እኔ በላሁ። አባቴ አመስግኖ ተቀበለና ድርሻውን ሳይነካ ጋቢና ውስጥ አስቀመጠው።

«አንተስ?» አልኩት።

«አባዬ እኔ ሳልደርስ አይቀምስም» አለ። ደግሞም «አቅም የለውም እኮ» አለኝ። አባቴን ሲፈራ ያየሁት ያኔ ነው።

በማግስቱ መካኒኩ ከአንድ የቆመ ተሳቢ ላይ ያወለቀውን ኩሽኔታ ይዞ መጣ። አባቴ አብሮት እየፈታ፣ እያሰረ፣ በየመሀሉ ቀና ብሎ ፀሐይዋን ያያል። ቢጠና የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው።

አያቴ በሩ ላይ፣ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ከንፈሩ ደርቋል። እናቴ ልጆቹን ደብቃ አብልታለች፤ እሱን ግን ውኃ እንኳ ማስቀመስ አልቻለችም። ከጎኑ ያለው ገበታ በኮባ ቅጠል እንደተሸፈነ ነው። «ምን አቆየህ?» ብሎ አልጠየቀም። ቅጠሉን ገልጦ አባቴን አጎረሰው። አባቴ ግራሶ በጠገበ እጁ ፊቱን ሸፍኖ፣ እያኘከ አለቀሰ።

ዛሬም የጊፋታ ዋዜማ ነው። መንገዱ ከያኔው ይሻላል፣ ስልኩም በየኪሱ ነው፤ የመካኒክ «ነገ» ብቻ አልተለወጠም። እዚያ በር ላይ አሁን የሚቀመጠው አባቴ ነው፤ የበኩር ልጁ ደግሞ እኔ ነኝ። አይቼ የማልጠግባቸው ሰዎች ጋ በየዓመቱ በድካም ተዝለፍልፌ ነው የምደርሰው። ደወልኩለት።

«አባዬ፣ መኪናዬ ለነገ ነው ተባለ። አትጠብቁኝ፣ ብሉ።»

«እሺ ልጄ፣ እንበላለን» አለኝ ቀለል አድርጎ።

ስልክ መዝጋት ዛሬም አልለመደም። ከጆሮዬ ሳላወርደው፣ ቤት ላሉት ሲናገር ሰማሁት።

«ገበታውን ሸፍኑት።»

ከጎማው ላይ ተነሣሁ። እኔ የምጠብቀው የሰው ጥጥ የለኝም። ቁልፉን ለመካኒኩ ሰጥቼ ወደ መናኸሪያው ሮጥኩ።