ጋሼ አዛናውና የእትዬ አሰበች ኩመር

መተማ ዮሐንስ ላይ ማመልከቻና ውል ከሚጽፉት ሁሉ እንደ ጋሼ አዛናው የሚያስመርር ሰው አላየሁም። የፎቶ ኮፒ ማሽኔ ከጠረጴዛቸው ጎን ስለሆነ በየቀኑ እሰማቸዋለሁ። ከዋናው ጉዳይ ይልቅ ከኋላ የሚያያዘው ወረቀት ይበልጥባቸዋል። «ማስረጃ ነው? አባሪ ነው? ወይስ ለማብራሪያ ብቻ የመጣ ዕዝል?» ይላሉ። ባለጉዳዩ ምን ያውቃል! «ወረቀት ነው ጋሼ» ይላል። ያኔ ነው ጉድ የሚፈላው።

ባለፈው ግንቦት እትዬ አሰበችና አቶ እንዳለው የመሬት ኪራይ ውል ሊያስጽፉ መጡ። እትዬ አሰበች ባለቤታቸው ቢሆነኝ ከሞተ ወዲህ የሰሊጥ ማሳውን ብቻቸውን አልቻሉትም። አቶ እንዳለው ደግሞ ባለ ትራክተር ናቸው። በሁሉም ተስማምተዋል። እትዬ አሰበች አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ ማሳው መሀል ያለችው ኩመር እንዳትነካ። ሱዳኖቹ አርዴብ የሚሉት፣ ኮምጣጣ ፍሬ የሚያፈራ ዛፍ ነው። ቢሆነኝ ከጎጃም ሳሉግ፣ ማለትም የወቅት ሠራተኛ ሆኖ፣ የአጨዳ ሥራ ፍለጋ ወርዶ እዚሁ በቀረበት ዓመት የተከላት ናት። አቶ እንዳለው «እኔ እያለሁ ማን ይነካታል!» ብለው ራሳቸው የማሳውን ንድፍ በእስክሪብቶ ጫሩና ዛፏን በክብ ምልክት አጠሯት።

«ይቺን ከኋላ ለማስታወሻ ያህል ያያይዟት» አሉ።

ጋሼ አዛናው መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉ። «ማስታወሻ ማንንም አያስገድድም። ዕዝል ብላትም ማብራሪያ ሆና ትቀራለች። ‹አባሪ አንድ የዚህ ውል አካል ነው፤ በክቡ ውስጥ ያለው አይታረስም፣ አይቆረጥም› ብዬ ውሉ ውስጥ እጽፋለሁ። ንድፉ ላይም ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ቃላቸው አይበቃም? መብራት ሳይሄድብን!» አልኩ እኔ።

«ቃሉ የሳቸው ነው። ትራክተሩን ሁልጊዜ የሚነዱት ግን እሳቸው አይደሉም» አሉኝ። ሁለቱም ሲፈርሙ እኔ ኮፒውን አደረግኩ።

ሰኔ ላይ አቶ እንዳለው ታመው ጎንደር ሄዱ። ለእርሻው የመጣው አማቻቸው አንዱዓለም ነው፤ ስለ ኩመሯ የነገረው ሰው የለም። ቆላ ውስጥ ደግሞ ከእርሻ በፊት ምንጣሮ ነው፤ ማሳ መሀል ያለ ዛፍ ለትራክተር እንቅፋት ነው። ሊነቅላት የትራክተሩን ሰንሰለት ግንዱ ላይ ሲጠመጥም እትዬ አሰበች እየጮሁ ደረሱና ዛፏን አቀፏት።

«እማማ፣ ማሳውን በውል ነው የያዝነው እኮ!» አላቸው።

«እስኪ ውሉን አንብበዋ!»

ከኪሱ ቅጂውን አወጣ። አነበበ። ከኋላ ያለውን ገጽ ገለጠና ንድፉን፣ ከሥሩም የአማቱን ፊርማ አየ። «ይቅርታ እማማ» አለና ሰንሰለቱን ፈታ።

ይህን የነገሩን ራሳቸው እትዬ አሰበች ናቸው፤ ኩመሯ ፍሬዋ ሲደርስ አንድ ፌስታል ሙሉ ይዘውልን መጥተው። ጋሼ አዛናው እየመጠጡ፣ ፊታቸውን ከኮምጣጣው እያጨማደዱ በደስታ ይስቃሉ።

«ደግሞ በአጨዳው ጊዜ ምን ሆነ መሰላችሁ?» አሉን እትዬ አሰበች። «ለሳሉጎቹ ውሃ ይዤ ብወርድ፣ ሁሉም ኩመሯ ሥር አርፈዋል። አንዱ የጎጃም ሰው ‹የተከላትን እግዜር ይስጠው› አለኝ። ‹ባሌ ነው፤ እሱም እንዳንተው ለአጨዳ መጥቶ ነው የተከላት› አልኩት። ብድግ አለና ‹እንግዲያው ይቀመጡ፣ ቤትዎ ነው› ብሎ ጥላውን ለቀቀልኝ።»