አጎቴ ያረሙት አደይ አበባ

ዛሬ ጠዋት አጎቴ ጓሮዬን አርመው ጨረሱልኝ። የነቀሉት ከዘር ያበቀልኩትን አደይ አበባ ነው።

ትናንት ከስማዳ ለጥየቃ መጥተው ንፋስ መውጫ፣ እኔ ቤት አድረዋል። ገበሬ ናቸውና አረም እያዩ መቀመጥ አይሆንላቸውም። ሥራቸው ደግሞ ንጹሕ ነው፤ አንድም አልሳቱ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ነኝ የዘራሁት!»

«አንተ! አደይ ይዘራል እንዴ? ከገብስ ውስጥ ስንነቅለው አይደል የኖርነው?»

ዘሩን የለቀምኩት ከእናቴ ማሳ ዳር ነበር። ዳሩ ዘንድሮ ታርሷል፤ ሌላ ዘር የለኝም።

ሥሩ ያልተበጠሰውን መርጠን መልሰን ተከልነው። ጠውልጓል። ለማየት ስወጣ ስገባ ዋልኩ። አሁን ስወጣ አጎቴ ቀድመውኝ ዝናብ ላይ ቆመዋል።

«አንዱ ቀና ያለ መሰለኝ» አሉኝ። ለእኔ አልታየኝም።

ተነቅሎ የተተከለ አደይ ይዞላችሁ ያውቃል? እባካችሁ ንገሩን፤ ሁለታችንም መቀመጥ አልቻልንም።