ከመሃላችሁ ጉለሌ ያለች አለች?

እኔ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የሚባል ነገር አይሆንልኝም። ስልክ ደውዬ ሦስተኛው ጥሪ ላይ ካልተነሳልኝ፣ ሰውየው ወይ ሞቷል ወይ ጠልቶኛል ብዬ ነው የምደመድመው። እንግዲህ ፊቷን አይቼ የማላውቃት ሴት ለዘጠኝ ቀን ድምጿን ስታጠፋብኝ ምን እንደሆንኩ ገምቱት።

የተዋወቅነው ቴሌግራም ላይ ነው። ግሩፑ የተከፈተው ሹራብ መሥራት ለመማማር ነበር። አሥራ አራት ሴቶች ነን፤ እስከ ዛሬ አንድ ሹራብ የጨረሰች የለችም። ክሩ ተረሳና ኑሯችንን መላላክ ጀመርን፦ ያረረ ሽሮ፣ የወለቀ የልጅ ጥርስ፣ ያኮረፈ ባል። እኔ ጳውሎስ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው፤ ማሽኑ ወረቀት በበላብኝ ቁጥር ፎቶ አንስቼ እልክላቸዋለሁ። ለገዛ እህቴ ያልነገርኳትን ሁሉ ለእነሱ ዘርግፌያለሁ።

አንዷ ፕሮፋይሏ ላይ የድመት ፎቶ ስላለ ባለ ድመቷ እንላታለን። እናቷን ታስታምማለች። ሌሎቻችን ስናማርር እሷ አጭር አጭር ነገር ነው የምትጽፈው። «ዛሬ ግማሽ ኩባያ አጥሚት ጠጣችልኝ።» «ዛሬ ፀሐይ ላይ አወጣኋት።» እኛም ቀይ ልብ እንደረድርላታለን። አንድ ዓርብ ግን ረዘም አድርጋ ጻፈች።

«ከመሃላችሁ ጉለሌ ያለች አለች? ለአንድ ከሰዓት ብቻ እናቴ አጠገብ የምትቀመጥልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ መተኛት ብቻ ነው።»

ጉለሌ ያለሁት እኔ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ቀጨኔ ነው፤ ይህንንም ግሩፑ ላይ ስንቴ ተናግሬያለሁ። መልእክቷን ያነበብኩት ደንበኛ ተሰልፎብኝ ነበር። ልመልስላት አስቤ፣ ደግሞ የማላውቀው ቤት ገብቼ የማላውቃቸውን በሽተኛ እንዴት ነው የማነሳው የምጥለው ብዬ ፈራሁ። እውነቱ ይሄው ነው፣ ፈራሁ። «አይዞሽ የኔ እህት» ብዬ የተጋጠሙ ሁለት እጆች ምልክት ላክሁላት። ሌሎቹም በእጅ ምልክት አጥለቀለቋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠፋች።

መጀመሪያ ሰው ነው፣ ደክሟታል አልኩ። በአራተኛው ቀን ስልኬን በየደቂቃው መክፈት ጀመርኩ። በሰባተኛው ቀን የአንዱን ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ገልብጬ አትሜለት፣ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት «አንቺ ልጅ፣ ፍቅር ይዞሻል እንዴ?» አለኝ። ፍቅር በሆነ! እናትየው ሞተዋል፣ ልጅቷ ብቻዋን እያለቀሰች ነው፣ እኛ ደግሞ እዚህ ስለ ሽሮ እናወራለን የሚል ሐሳብ ነው አላስቀምጥ ያለኝ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ሥራ እንደወጣሁ ሽቅብ ወደ ቀጨኔ ወጣሁ። በመስኮቷ አንስታ ግሩፑ ላይ የላከችው ፎቶ ነበረኝ፤ እይታው የእኛን ሰፈር ይመስላል፦ ጣሪያ ላይ አረንጓዴ የውሃ ታንከር፣ ከኋላው የእንጦጦ ባህር ዛፍ። ከመድኃኔዓለም በላይ ያለውን ቅያስ ሁሉ አንድ በአንድ አዳረስኩት። አንዱ ጋ ስታጠፍ ድንኳን ተተክሏል፤ ቀና ስል አረንጓዴ ታንከር። ቤቷ ይሄ ነው አልኩ። ሰፈሩ ውስጥ ስንት አረንጓዴ ታንከር እንዳለ ያን ሰዓት ጨርሶ አልታየኝም።

ደጅ የቆሙትን አዛውንት «ማን ናቸው ያረፉት?» አልኳቸው።

«የቤቱ እናት ናቸው፣ ልጄ። ብዙ ታመሙ፤ ልጃቸው አስታማ አስታማ...»

ከዚህ በላይ ምን ልጠይቅ? ነጠላዬን አዘቅዝቄ ገባሁ። ለቅሶ ቤት ደግሞ ማነሽ የሚልሽ የለም። ቦታ ለቀቁልኝ፣ ንፍሮ በእጄ አደረጉልኝ፣ እኔም እንደ ሥጋ ዘመድ ተንሰቀሰቅኩ። ዓይኗ ያበጠውን ሴትዮ ሳያት እሷ ናት አልኩና አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። «ሁሉንም ነግረሽኝ ነበር እኮ፣ ሳልመጣልሽ ቀረሁ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት አየችኝና አብራኝ አለቀሰች።

እንደወጣሁ እዚያው አጥሩ ጥግ ቆሜ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። «የባለ ድመቷ እናት አርፈዋል። አሁን ከለቅሶው መውጣቴ ነው።» ወዲያው ነፍስ ይማር ጎረፈ። ሻማ የላከ አለ። አንዷማ የግሩፑን ፎቶ ከሹራብ ወደ ሻማ ቀየረችው። እኔም፣ አልዋሽም፣ ያ ሁሉ መቅበጥበጥ ለቀቀኝና ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

እሑድ ረፋድ ላይ ባለ ድመቷ ጻፈች።

«እናቴ አጠገቤ ናት። አጥሚቷን እየጠጣች ነው። የማን እናት ናት የሞተችው?»

እናትየው በሕይወት እያሉ፣ በቁማቸው፣ አሥራ ሦስት ሆነን አልቅሰንባቸዋል! እንዲህ ያለ ሟርት በእኔ እናት ላይ ቢደረግ ሰፈር ድረስ ሄጄ ነበር የምጣላው። ለብቻዋ ጻፍኩላት፤ ታንከሩን፣ ድንኳኑን፣ ያቀፍኳትን ሴትዮ፣ አንድም ሳላስቀር።

ቆይታ መለሰችልኝ። «ስልኬን የዘጋሁት አይዞሽ የሚል ነገር ማንበብ ስለሰለቸኝ ነው። አንቺ ግን ይገርማል። ለለቅሶው ቤቴን ፍለጋ አቀበት ወጣሽ። ለህመሟ ሁለት እጅ ላክሽልኝ።»

የለቅሶ መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ለቅሶ ላይ ምን እንደሚባልና የት እንደሚቀመጡ የሚያስተምር አያስፈልገንም። ለማስታመሙ ግን አፌም እግሬም ታሰረ። አሁን ልምጣ ወይ ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት፣ እንደገና ጻፍኩት፣ ላክሁት። አድራሻዋን ላከችልኝ፤ ቤቷ ከድንኳኑ ሁለት ቅያስ ዝቅ ብሎ ነበር።

በሩን ስትከፍት ከእኔ በብዙ የምታንስ ልጅ ሆና አገኘኋት፤ ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል። አልሳመችኝም። ማንኪያና ኩባያ እጄ ላይ አስቀመጠች፣ «በየግማሽ ሰዓቱ ሁለት ሁለት ማንኪያ» አለችና ማዶ ያለው ክፍል ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ተጋደመች። አፍታ ሳይቆይ ከባድ ትንፋሿ ተሰማኝ።

እናትየው ዓይናቸውን ጨፍነው በጀርባቸው ተኝተዋል። አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። በደንብ ከቆየን በኋላ ቀስ ብለው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ተኛች?» አሉኝ።

«ተኝታለች፣ እማማ።»

«እሷ ትተኛ ብዬ እኮ ነው ቀኑን ሙሉ ዓይኔን የምጨፍነው። እሷ ደግሞ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ትንፋሼን ልታዳምጥ ትመጣለች።»

«አጥሚት ልስጥዎ?» አልኳቸው።

«ተይው ልጄ፣ ማንኪያው ኩባያውን ሲነካ ይሰማታል።»

ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ልጅቷ እስክትነቃ ሁለታችንም ዝም ብለን ቆየን፤ እሳቸው ዓይናቸውን ገልጠው።