እናቴ አንኳኩታ የመረጠቻት ጀልባ

ደብረ ማርቆስ ላይ ጀልባ ልገዛ ነው ያለ ሰው መሳቂያ ነው የሚሆነው። ባሕር የለ፣ ሐይቅ የለ! እኔ ግን በወጣትነቴ ጣና ዳር ሳስተምር ዓሣ ማጥመድ ለምጄ ነበር የተመለስኩት። ከከተማችን ወጣ ብሎ ለመስኖ የተሠራው ግድብ ሞልቶ ዓሣ ሲገባበት፣ ትንሽ የቀዘፋ ጀልባ ካልገዛሁ ብዬ ቁጭ ብድግ አልኩ። ከዳር ተገትሮ መንጠቆ መወርወር አይሆንልኝም። ቀስ እያሉ እየቀዘፉ፣ ክሩን ከኋላ እየጎተቱ መሄድ ነው ደስታዬ።

እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። አባቴን የወሰደው የጨሞጋ ወንዝ ነው። ክረምት ላይ ከገበያ ሲመለሱ፣ እሱ ጥልቀቱን ልየው ብሎ ቀድሟት ገባ፤ እኔ ሆዷ ውስጥ ነበርኩ። በጭጋጉ ስላልታያት ከዳር ሆና "አለህ?" ብላ ተጣራች። "አለሁ!" አላት። ደግማ ጠራችው፤ "አለሁ!" አላት። በሦስተኛው የሰማችው ወንዙን ብቻ ነበር።

ይህን የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያን ዕለት። ወዲያው ደግሞ ዞር ብላ አፈጠጠችብኝ።

"ለመሆኑ ዋና ትችላለህ?"

"ዋናው ነገር ጀልባው ነው፣ እማዬ" አልኳት፣ በቃል ላመልጣት።

"አንተ! በእኔ ላይ ቅኔ ትቀኛለህ? ዋናው ዋና ነው!"

አልችልም ነበር። ምን ይደረግ፣ የደጋ ልጅ ነኝ። ሳምንት ሙሉ አኩርፋ ሰነበተችና በመጨረሻ ለቀቅ አለች። "እሺ። የመኪና ጎማ ካላማዳሪ ነፍተህ ወገብህ ላይ ታስራለህ። ጀልባዋንም እኔ ካልመረጥኳት እግርህ አይረግጣትም።"

በልቤ ሳቅኩ። እናቴ ጠላ ጠምቃ ነው ያሳደገችኝ፤ ስለ ጋን እንጂ ስለ ጀልባ ምን ታውቃለች?

ባሕር ዳር፣ ጀልባ የሚሸጥ ሰው ግቢ ሄድን። ገና ከበሩ ዐይኔ አንዲት ሰማያዊ የፋይበር ጀልባ ላይ ዐረፈ። ቀጠን ያለች፣ የምታብረቀርቅ፣ ለአንድ ቀዛፊ የምትቀል። በሐሳቤ ግድቡ መሀል ደርሼባታለሁ። እናቴ ግን አጎንብሳ በጣቷ አንጓ አንኳኳቻት። ጆሮዋን አስጠጋች። ትንሽ አለፍ ብላ እንደገና አንኳኳች። ቁይ ገበያ ጋን ስትገዛ እንዲሁ ነበር የምታደርገው፤ ሸክላ ሻጮቹ ከሩቅ ሲያዩዋት "መጣችልን!" ይሉ ነበር። እኔማ የምገባበት ጠፋኝ።

"እማማ፣ ጋን እኮ አይደለም" አለ ሻጩ እየሳቀ።

"አውቃለሁ ልጄ። ጋን ቢሆን የሚጠፋው ጠላ ነበር። እዚህ ጋ ድምፅዋ ታፍኗል። እስቲ ውሃ ጨምሩባት።"

"ኧረ ውሃው ከውጭ ነው የሚሆነው!"

"ካስወጣች ታስገባለች" አለችው።

ጀልባዋ ሁለት ግንድ ላይ ነበር የተቀመጠችው። ጥቂት ባልዲ ውሃ ተደፋባትና ሦስታችንም ተንበርክከን ከሥሯ አየን። ብዙም አልቆየ፤ እናቴ ካንኳኳችበት ቦታ፣ ከአዲሱ ቀለም ሥር፣ ጠብ አለ። ሻጩ ሳቁን ዋጠ። እኔም ዋጥኩ።

እሷ ግን ወደ ጥግ ሄዳ፣ ሬንጅ የተቀባች አሮጌ የእንጨት ጀልባ ዙሪያዋን ታንኳኳ ጀመር። ሆደ ሰፊ፣ ታቿ ጠፍጣፋ፣ መልኳ ክፉ። ሁለት ጊዜ ዞረቻት።

"ይቺስ አለች" አለች።

ለመቅዘፍ ትከሻ ታወልቃለች። ገዛኋት።

የመጀመሪያው ቀን እናቴ ግድቡ ዳር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። "ግቢ እንጂ፣ የመረጥሻት አንቺ!" ብላት እንቢ አለች። ካላማዳሪዬን ታጥቄ፣ ክሩን ለቅቄ ትንሽ እንደቀዘፍኩ ድምፅዋ መጣ።

"አለህ?"

መቅዘፊያዎቹን አንሥቼ ወደ ድንጋዩ ዞርኩ። "አለሁ!" አልኳት።

ከዚያ ወዲያ በወጣሁ ቁጥር እንዲሁ ሆነ። በየመሀሉ "አለህ?" እኔም "ዓሣውን ሁሉ አባረርሽብኝ እኮ!" እያልኩ እነጫነጭ ነበር። አንድ ቀን ትልቅ አምባዛ ይዞልኝ ስታገል ሳልመልስላት ቀረሁ። ቀና ስል፣ ያቺ የዝናብ ኩሬ እንኳ የምትዞር ሴት፣ ቀሚሷን እንደለበሰች እስከ ወገቧ ውሃው ውስጥ ገብታለች። ክሩን በጥርሴ በጠስኩት። አምባዛው ሄደ፤ እኔ "አለሁ! እማዬ፣ አለሁ!" እያልኩ ወደ ዳር ቀዘፍኩ። ስደርስ ጆሮዬን ይዛ ጠመዘዘችኝ፤ የአርባ ዓመት ሰው ነበርኩ።

እናቴ ካረፈች ሁለት ክረምት አለፈ። ጀልባዋ አለች። ሬንጅ እቀባታለሁ፤ ውሃ ላይ ከማውረዴ በፊትም ዙሪያዋን አንኳኳታለሁ። አሁን ዓሣውን የሚያባርርብኝ የለም፤ ያኔ የተመኘሁት ጸጥታ ይኸው። አልወደድኩትም። ግድቡ መሀል ስደርስ መቅዘፊያዎቹን አነሣና ወደዚያ ድንጋይ እዞራለሁ። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ጮክ ብዬ "አለሁ!" እላለሁ።