የመነኩሲት ማርሽ

ወንድሜ ፓርሜኒዮ ላም አዳቃይ ነበር። ከተማችን ዱይታማ ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች ላይ ላም ደራች በተባለ ቁጥር የሱ ስልክ ይጮሃል። እሱም የምርጥ ኮርማ ዘር በናይትሮጂን የቀዘቀዘበትን እንስራ የሚያህል ዕቃ በጀርባው አዝሎ ይወጣል። ላም ቀጠሮ አታራዝምም። ማታ ከደራች ጠዋት መድረስ ነው፣ ጠዋት ከደራች ማታ። ሰዓቷ ካለፈ ሦስት ሳምንት ይጠበቃል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ባለቤቷ ሌላ ሰው ይጠራል። እጁ ጥሩ ነበር፣ እህቱ ስለሆንኩ አይደለም ይህን የምለው። የጎደለው ጭንቅላት ነው።

ጥፋቱ የሱ ብቻ ነው ብልም ውሸት ይሆናል። እኔ አደባባዩ ጥግ ዳቦ ቤት አለኝ፤ ወንድሜም ከጀርባዬ ባለችው ክፍል ነው የሚኖረው። እሁድ ጠዋት የከተማው ብስክሌተኛ ወንድ ሁሉ ሲጋልብ ቆይቶ እኔ ጋ ይሰፍርና ፓኔላ ከሚሉት የሸንኮራ ስኳር የፈላ፣ አይብ የተነከረበት ትኩስ ውሃ ያዝዛል። አንዱ ብስክሌቱን ግድግዳዬ ላይ ሲያስደግፍ ፊቱን የሚያይ የለም። ሁሉም አጎንብሶ የሚያየው የኋላ ጎማው መሃል ያለውን ማርሽ ነው። ጥርሱ በበዛ ቁጥር መርገጡ ይቀልላል። ከተደረደሩት ትልቁ ባለ ሃያ ሦስት ጥርስ ከሆነ ባለቤቱ ወንድ ነው። ሃያ አምስት ከሆነ «ታሞ ሰንብቶ ይሆናል» ይባልና ይታለፋል። ከሠላሳ ካለፈ ግን አለቀለት። «የመነኩሲት ማርሽ!» ብለው ይጮሁበታል፤ ከዚያ ወዲያ ቢሸመግልም፣ ልጅ ቢድርም ስሙ እሱ ነው። ስሙ የወጣው የገዳሙ እናቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው ዳገቱን በብስክሌት ቀስ ብለው፣ ሳያልባቸው ስለሚወጡ ነው። እኔ ብሆን ከእናቶቹ እማር ነበር።

የዚህ ችሎት ዳኛ ዶን ሊቦሪዮ ይባላል። ዶን ብዬ የማከብረው ፊት ለፊት ብቻ ነው። በወጣትነቱ አንድ የአውራጃ ውድድር ላይ ሠላሳ ምናምነኛ ወጥቷል፤ ወሬው ግን እስከዛሬ አላለቀም። ጭኑን እየዳበሰ ነው የሚያወራው። ወንድሜ ደግሞ የሰውየውን አፍ አፉን ሲያይ ቡናው ይቀዘቅዝበታል፤ በአርባ ዓመቱ!

እንግዲህ የፓርሜኒዮን ሞተር ሌባ ወሰደው። ሌላ ሰው ሌላ ሞተር ይፈልጋል። የእኔው ጉድ ግን «ሞተር ቦርጭ ያወጣል» አለና ብስክሌት ሊያሠራ ተነሳ። አንድ ብስክሌት ለሁሉም፤ ለከተማው አስፋልት፣ ለላይኛው ኮረኮንች፣ ለሥራም ለእሁድም። ሐሳቡ ባልከፋ። ጎማውን ሰፊ አደረገ፣ የቴላዮውን ብረት ጠንካራ፣ ፍሬኑን አሪፍ። ማርሹ ላይ ሲደርስ ነው ያበደው።

ብስክሌት ሠሪው፣ «የምትሄድበትን መንገድ እያሰብክ ምረጥ» አለው። «ፊት አንድ ባለ አርባ ጥርስ ይበቃሃል። ኋላ ከአሥራ አንድ እስከ አርባ ሁለት ልደርድርልህ። ከተማ ውስጥ በትንንሾቹ ትበራለህ፣ ኮረኮንቹ ላይ አርባ ሁለቷ ቁጭ እንዳልክ ታወጣሃለች።»

«አርባ ሁለት?» ወንድሜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ በሩ ገልመጥ አለ። «የድስት ክዳን ነው እንዴ የምትሰቅልብኝ?»

«ዕቃ አዝለህ ነው እኮ የምትወጣው!»

«ፊት ሃምሳ ሁለትና ሠላሳ ዘጠኝ፣ ኋላ ሃያ ሦስት። እግር አለኝ።»

እኔም እዚያው ቆሜ ነበርና አላስቻለኝም። «እግርማ ጠረጴዛም አለው» አልኩት።

«እትዬ፣ አንቺ ዳቦሽን ጋግሪ።»

ነገሩ እኮ ዳቦ ጋጋሪም ይገባዋል። የፊቱና የኋላው ጥርስ እኩል ሲሆን ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ይዞራል፤ የዳገት ማርሽ ማለት እሱ ነው። ወንድሜ የመረጠው ግን ቀላል በተባለው እንኳን ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው ሁለቴ ሊዞር ትንሽ ነው የሚቀረው። አስፋልት ላይ ግሩም ነው፣ ልጃገረድ ዞራ ታይሃለች። ላይኛው ኮረኮንች ላይ ቁጭ ብለህ ልርገጥ ካልክ ፔዳሉ ንቅንቅ አይልም። ቆመህ ከረገጥክ ደግሞ የኋላ ጎማው ጠጠሩን እየበተነ እዚያው ይሽከረከራል። ከዚያ መውረድና መግፋት ነው፣ በዚያ እንደ ፍየል ኮቴ በጠነከረና በሚንሸራተት የብስክሌት ጫማ።

ገፋም። የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ ዶኛ ቴርሲላ ነበሩ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ኮረብታው አናት ላይ ካናሪያ ከምትባል አንዲት ላም ጋር የሚኖሩ ሴትዮ። ከዚህች ላም አንዲት ጥሩ ዘር ያላት ጊደር ማግኘት ነበር ምኞታቸው፤ በእርጅናቸው በወተቷ ሊጦሩ። አጥሩ ማዶ የጎረቤት ኮርማ አለ፣ አጥንቱ የሚቆጠር፣ ቀንዱ የተንጋደደ፣ እናቱም ወተት ያልነበራት። የሱን ስም ሲሰሙ ዶኛ ቴርሲላ ያማትባሉ። ወንድሜ ግን እየገፋ፣ እያለከለከ፣ ሁለት ጊዜ ወድቆ ሲደርስ ላሟ ተረጋግታ ሣሯን እየጋጠች ነበር። ሰዓቷ አልፏል።

ዶኛ ቴርሲላ አልተቆጡም። «ልጄ፣ እጅህን ስለማውቅ አንዴ እታገስሃለሁ» አሉት። «በሚቀጥለው ካልደረስክ ግን ለኮረብታው ሁሉ እናገራለሁ።» ይሄ ደግሞ ቀልድ አይደለም። እሳቸው «ይሄ ሰው አይረባም» ካሉ ከዚያ ወዲያ ላይ ቤት፣ ኮረብታው ላይ፣ የሚጠራው አይኖርም። እንጀራው ሁሉ ያለው ደግሞ ላይ ቤት ነው፤ ከተማ ውስጥ ማን ላም አለው?

ፈራ። ወደ ብስክሌት ሠሪው ተመልሶ አርባ ሁለቷ የተሰካችበት ሌላ የኋላ ጎማ አሠራ። ልብ ገዛ ብዬ ደስ አለኝ፤ ለካ ቸኩያለሁ። አዲሱን ጎማ ዱቄት ቤቴ አምጥቶ በዱቄት ጆንያዎቹ መሃል ደበቀው፣ አንሶላም አለበሰው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እሱን ገጥሞ በጓሮ በር ይወጣል፤ ተቀምጦ፣ ሳያልበው፣ ልክ እንደ እናቶቹ። እሁድ ይፈታዋል፣ ባለ ሃያ ሦስቱን ይገጥማል፣ አደባባዩን ዞሮ በፊት ለፊት በር ይገባል። ሚስቱን ደብቆ የሚያኖር ሰው ሰምቻለሁ፣ ጎማ ደብቆ የሚያኖር ግን በዚህ ከተማ ነው ያየሁት። ደግሞ አንሶላው የእኔ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ሥራው አማረ። በሰዓቱ ይደርሳል፣ ላሞቹ ይይዛሉ፣ ሰው ያመሰግነዋል። በዚያው ቢቀጥል ኖሮ ዛሬ ይህን አላወራም ነበር።

አንድ እሁድ ጠዋት ሁሉም ጠረጴዛውን ከበው ሊቦሪዮ ሠላሳ ምናምነኛ የወጣበትን ውድድር በአፉ እንደ አዲስ ሲጋልብ የፓርሜኒዮ ስልክ ጮኸ። ዶኛ ቴርሲላ ስልክ ላይ የሚያወሩት ከኮረብታ ወደ ኮረብታ እንደሚጣሩ ስለሆነ ቤቱ በሙሉ ሰማ።

«ልጄ! ካናሪያ ከትናንት ማታ ጀምራ እየጮኸች ነው፣ ነግሬሃለሁ እኮ! ያ መናጢ ኮርማ ደግሞ አጥሩ ሥር ቆሟል። የት ነህ?»

«እየወጣሁ ነው» አለ፣ የአይብ ዳቦ አፉ ውስጥ እንዳለ።

ትናንት ማታ ነግረውታል! ጎህ ሲቀድ መሄድ ሲገባው «ፓርሜኒዮ ዛሬ ለምን ቀረ?» እንዳይባል እዚህ መጥቶ ተጎልቷል። 

ብድግ ብሎ ወደ ጓሮ ሊገባ ሲል ሊቦሪዮ ክንዱን ያዘው። «ኮረኮንቹን ልትወጣ ነው? ብቻህን? አይሆንም! ወንዶች፣ ተነሱ፣ እንሸኘዋለን!» ሁሉም ጭኑን መታ መታ አድርጎ ተነሳ። አንድ ሰው ላም ሊያዳቅል በሠራዊት ሲሸኝ ያን ቀን አየሁ።

ዕቃውን ሊያዝል ሲገባ ዱቄት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። «ጎማውን ቀይር።»

«እያዩኝ?»

«ይዩሃ! ምን ያደርጉሃል፣ ይበሉሃል?»

«እትዬ፣ አንቺ አይገባሽም። ዕድሜ ልኬን ከነሱ ጋር ነው የምኖረው።»

«የምትበላው ግን ከዶኛ ቴርሲላ ጋር ነው!»

ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ወጣ። እኔም ሽርጤን ወርውሬ ዳቦ ቤቱን ዘጋሁ፣ ጎማውን ከነአንሶላው ተሸክሜ የወተት መኪናው ላይ ወጣሁ። መኪናው እሁድም ወተት ሊሰበስብ በዚያው መንገድ ያልፋል።

አስፋልቱ ሲያልቅና ኮረኮንቹ ሲጀምር ደረስኩባቸው። ገና መጀመሪያው ላይ ግማሾቹ ወርደዋል፤ አንዱ «ካቴናዬ ላላ» ይላል፣ አንዱ ሽንቱን ሊሸና ነው፣ ሊቦሪዮ «የመልከዓ ምድሩን ውበት» እያየ ነው። ወንድሜ ጀርባው በዕቃው ጎብጦ ፔዳሉ ላይ ቆሟል፣ ጎማው ጠጠር ይተፋል። ከመኪናው ወርጄ አንሶላውን ገፈፍኩና አርባ ሁለቷን ፊቱ አቆምኳት። ፀሐይ ላይ እንዴት ታምራለች! የደቂቃ ሥራ ነበር፣ ፈትቶ መግጠም ብቻ።

 ሊቦሪዮ አጎንብሶ ጥርሶቹን ቆጠረ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ወንድሜን አየው። «ይሄ የማን ነው?» አለ።

ፓርሜኒዮ ጎማውን አየ። እነሱን አየ። እኔን አላየኝም።

«የእኔ አይደለም» አለ።

«እሺ፣ እሱም ይቅር» አልኩ። «መኪናው ላይ ውጣ። ሹፌሩ ደጃቸው ድረስ ያደርስሃል።»

«መኪና?» አለ አንዱ ከኋላ፣ ልብስህን አውልቅ እንደተባለ ሰው። ወንድሜ ያቺን ድምፅ ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ፔዳሉን ረገጠ። ጥቂት ሄዶ ወረደና መግፋት ጀመረ። እነሱም ሁሉ ከኋላው ይገፋሉ፣ የሚያብረቀርቅ ልብሳቸውን ለብሰው፣ በየጫማቸው እየተንሸራተቱ። ማንም ስለ ማርሽ አላነሳም። መግፋት ነውር አይደለም መሰለኝ፤ ነውሩ ተቀምጦ መውጣት ነው።

እኔ በመኪናው ቀደምኳቸው። ዶኛ ቴርሲላ ሩዋና የሚሉትን የሱፍ ካባቸውን ተከናንበው በበረታቸው በር ላይ ቆመው ነበር፣ በእጃቸው የተሰበረ የአጥር እንጨት ይዘዋል። ቀና ብለው አዩኝና ወደ ሜዳው ጠቆሙኝ። ያ አጥንታም ኮርማ ከካናሪያ ጎን ቆሞ ሣር እየጋጠ ነው፣ ቤቱ እንደገባ ባል ረጋ ብሎ። ሁሉም ነገር አልቋል። ዶኛ ቴርሲላ አላለቀሱም፤ ብቻ እንጨቱን ደጋግመው በእጃቸው ያዞሩት ነበር። ያቺ ጊደር ቀረችባቸው። 

ቆይቶ ቆይቶ ሠራዊቱ ደረሰ። ወንድሜ ከፊት ነው፣ ጉልበቱ ደምቷል፣ ፊቱ እንደ ቲማቲም ሆኗል። ዶኛ ቴርሲላ ከጫማ እስከ ራስ ቁር አዩአቸው፣ አንድ በአንድ።

«ይሄ ሁሉ ወንድ ለአንዲት ላም?» አሉ።

«ዶኛ ቴርሲላ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መንገዱ…»

«ምን ሆነ መንገዱ?» አሉት፣ ኮርማውን በእንጨቱ እያሳዩት። «እሱም እኮ በእግሩ ነው የመጣው።»

ከሁሉም ያቃጠለኝ ሲወርዱ ነው። ሊቦሪዮ የወንድሜን ትከሻ መታ መታ አድርጎ «አይዞህ፣ ቢያንስ አላዋረድከንም» ሲለው ሰማሁ። እና ያ ቂል፣ የእናቴ ልጅ፣ እንጀራው በጀርባው ላይ እየተነነ፣ ፈገግ አለ።

ሴትዮዋ ቃላቸውን ጠበቁ፣ ኮረብታውም ሰማ። ስልኩ በየሳምንቱ እየቀነሰ መጥቶ ጭራሽ ዝም አለ። ዛሬ በዚያ ብስክሌት የእኔን ዳቦ ለሱቆች ያደርሳል፤ ከተማው ሜዳ ስለሆነ በሃምሳ ሁለቱ ሲበር ሰው ያደንቀዋል፣ እሁድ እሁድም ከሊቦሪዮ ጎን ይቀመጣል። ዘሩን ይዞበት ይወጣ የነበረው ዕቃ አልጋው ሥር አለ፣ ባዶውን።

ካናሪያ ወለደች። ወንድ ጥጃ ነው፣ አጥንቱ የሚቆጠር፣ ቀንዱም ገና ከአሁኑ ወደ ጎን ያመራ። ዶኛ ቴርሲላ ስሙን ፓርሜኒዮ አሉት። አመሻሹ ላይ ጥጃቸውን ወደ በረት ሲጠሩት ድምፃቸው ታች ድረስ ይሰማል አሉ፤ ላይ ቤት የወንድሜን ስም የሚጠራ ሌላ ሰው የለም።